ሦስት መቶ አንድ ፓውንድ

የእህቴ ልጅ ትሬቨር ዱሼክ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ርቦት አያውቅም። ጥጋበኛ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ረሃቡ የሚመጣበት ፋታ አላገኘም ማለቴ ነው። ሲነሳ እንቁላል በአሳማ ሥጋ፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ እህቴ ማርላ የጋገረችው ፕሪም የተሞላ ኮላቺ የሚባል ጣፋጭ ዳቦ፣ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ምሳ፣ ከልምምድ መልስ ሥጋና ድንች፣ ለመኝታ ደግሞ ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር የተመታ ወተት። እኛ ነብራስካ ውስጥ ከብት የምናደልበውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ከብቱ ሲበቃው ፊቱን ማዞር ይችላል።

ይህ ሁሉ የሆነው ልጁ ሴንተር ስለነበረ ነው። በእኛ በአሜሪካኖቹ ፉትቦል ሴንተር ማለት አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ የሚያቀብልና፣ እጁ ገና ሳይመለስ ከፊቱ የተገተረውን የጎተራ በር የሚያህል ሰው መግፋት ያለበት ምስኪን ነው። ጨዋታው ያለ እሱ አይጀመርም፤ ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ግን ሲሳሳት ብቻ ነው። ትሬቨር ከልጅነቱ ጀምሮ ነጻ ትግል ይታገል ስለነበር እግሩ ፈጣን ነው። ኳሷን አቀብሎ፣ የፊተኛውን ሰው በትከሻው ገፋ አድርጎ አልፎ፣ ከኋላ የቆመውን ሌላ ሰው ደርሶ ሲዘርረው ማየት ያስደስት ነበር። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ስለ ፉትቦል የማውቀው ማንኛውም የአገሬ ሰው የሚያውቀውን ያህል ነው፤ ማለትም ሁሉንም አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ አንድ ነበር፤ ትንሽ ነው። ትንሽ ስላችሁ መንገድ ላይ ብታገኙት ጥጋችሁን ትይዛላችሁ። ነገር ግን በደመወዝ የሚያጫውቱት ትልልቅ ቡድኖች ሴንተር ሲመርጡ ሦስት መቶ ፓውንድ፣ መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ መሆኑ ነው፣ መነሻቸው እንጂ መድረሻቸው አይደለም። ትሬቨር ያን ሁሉ በልቶ ኮሌጅ ውስጥ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ክንዱም አጭር ነው። ለክንድ ደግሞ የሚያስረዝም ምግብ የለም።

አባቱ ሚሎ ዱሼክ የከብት መኖ በጭነት መኪና የሚያመላልስ ሰው ነው። በጉብዝናው ዘመን ለዚያው ኮሌጅ ተጫውቷል፤ ያኔ ሁለት መቶ ሠላሳ ፓውንድ ከበቂ በላይ ነበር። ከመታጠቢያ ቤታቸው ያለው ሚዛን ከእንስሳት ሐኪም የተገዛ ሲሆን፣ ሚሎ በየጠዋቱ ልጁን እዚያ ላይ ያቆመዋል። ሁለቱም የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ በፀደይ ቡድኖቹ አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ የትሬቨር ስም እንዲጠራ። ባይጠራስ ብሎ ያሰበ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ምን እንዳጠና ብትጠይቁት አሰብ አድርጎ ነው የሚመልስላችሁ።

በመጨረሻው ዓመት መኸር ላይ፣ ፕሩት የሚባል ሽማግሌ ጎማው ተንፍሶበት እኔ ጋ መጣ። የአንድ ትልቅ ቡድን መልማይ ነው፤ ሥራው በየኮሌጁ እየዞረ ለቡድኑ ተጫዋች ማየት ነው።

«ሚስማር ነው» አልኩት ጎማውን እያገላበጥኩ። «ኮሌጁ ጋ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ሴንተሩን ላየው።»

አጎቱ ነኝ ብል ልኩን እንደማይነግረኝ አውቃለሁ። «እንዴት ነው ታዲያ?» አልኩት፣ ጉዳዬ እንዳልሆነ ሁሉ።

«እግር አለው» አለ። «እንዲህ ያለ እግር በዓመት አንድ ባይ ነው። ያቀብላል፣ ያልፋል፣ ይደርሳል። ጭንቅላቱም አይሰንፍም፤ የተጋጣሚዎቹን አሰላለፍ አንብቦ ለጓደኞቹ የሚጮህላቸው እሱ ነው። ግን ቅዳሜ አላየኸውም? ያ ሦስት መቶ አርባ ፓውንዱ አጅሬ ደረቱ ላይ ተለጥፎ እንደ ጋሪ ወደ ኋላ ነዳው።»

«ታዲያ ይወስዱታል አይወስዱትም?»

«ትንሽ ነው» አለና ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «ቢሮ ስገባ የመጀመሪያ ቃላቸው ይቺው ናት። ትንሽ ነው።»

ማታውኑ ለሚሎ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። እግር አለው ማለቱን፣ ጭንቅላቱን ማድነቁን፣ በዓመት አንድ ባይ ማለቱን። ሚሎ የሰማው ግን የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ያን ክረምት የእህቴ ቤት ምድጃ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

በመጋቢት ኮሌጁ ለመልማዮች በሩን የሚከፍትበት ቀን አለ። ተመራቂ ተጫዋቾቹ በቁምጣ ብቻ እየተጠሩ ይመዘናሉ፤ ቁመታቸው፣ ክንዳቸው፣ መዳፋቸው ሳይቀር ይለካል፤ ከዚያ ይዘላሉ፣ ይሮጣሉ። በዚያ ቀን ጠዋት ትንንሾቹ ውሃ መጠጣታቸው የታወቀ ነው። ጨው የበዛበት ነገር ይበሉና ውሃውን በላይ በላዩ ያወርዱታል፣ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ይሮጣሉ። መልማዮቹም ያውቃሉ፤ ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። በሚዛኑና በሩጫው መካከል ሰፊ ጊዜ ስላለ ለሁለት ሦስት ፓውንድ ያህል ማንንም አይጎዳም። ሚሎ ግን ሁለት ሦስት አልፈለገም። ክረምቱን ሙሉ አጉርሶት ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ አድርሶታል፤ የቀረውን በውሃ ሊሞላው ቆርጧል።

ጠዋት ስደርስ ትሬቨር ማዕድ ቤት ተቀምጦ ፊቱ አመድ መስሏል። ከፊቱ ሁለት ትልልቅ ማሰሮ ውሃ አለ፤ አንደኛው አልቋል።

«አባዬ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው» አለ።

«አይፈነዳም። የዱሼክ ሆድ ፈንድቶ አያውቅም። ጠጣ!»

«እኔኮ የምታወቀው በሩጫዬ ነው።»

«ሩጫህን በፊልም ጠግበውታል» አለ ሚሎ። «ያላዩት ክብደትህን ነው። አንዴ ሦስት መቶን ይጻፉልህ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያ ብትፈልግ እንደ ፌንጣ ዝለል።»

«ሚሎ፣ ልጁን ገደልከው እኮ» አለች ማርላ። እንዲህ እያለች የጨው ሥጋ ቆርጣ ሰሃኑ ላይ ጨመረችለት።

«ከብት እንዲህ አጠጥተን ገበያ ብናወጣ ያስሩን ነበር» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀልኝም። ትሬቨር ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ማሰሮ አነሳ። አባቱን እንቢ ብሎት አያውቅም፤ በዚያች ጠዋት አይጀምርም።

የኮሌጁ አዳራሽ ስንደርስ መልማዮቹ በየወንበራቸው የሩጫ ሰዓታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፕሩትም አለ። አንደኛው ተነስቶ በረዶ እየመጣ ስለሆነ መንገዱ ሳይዘጋባቸው ወደሚቀጥለው ኮሌጅ መድረስ እንዳለባቸው ተናገረ። «እንደመዘንን እናስዘልላለን፣ እናስሮጣለን። ዕረፍት የለም» አለ።

ሚሎ አጠገቤ ነበር፤ ሰምቷል። ግን ዓይኑ ከሚዛኑ አልተነቀለም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ትሬቨር ግን ወደ እኛ ዞሮ አየ። ምን ላድርግ የሚል አስተያየት ነበር። ሚሎ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረለት።

ስሙ ተጠርቶ ወጣ። ሆዱ ነፍሰ ጡር መስሏል። ቁጥሩ ሲረጋ ሚዛኑን የሚያነበው ሰውዬ ጮክ ብሎ «ሦስት መቶ አንድ!» አለ።

ሚሎ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። በአንዳች ነገር እንባ ያቀረረ አንጀተ ደረቅ ሰው አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ያስፈራል። «ሰማህ ቨርን? ሰማህ ወይ? ማን ነው አሁን ትንሽ የሚለው!» ይለኛል። ከዚያ ቀጥሎ የክንዱን እጥረት ሲጠሩ እንኳ ጆሮ አልሰጠውም። ብዙ ዓመት የተመኛትን ያቺን ቁጥር አገኛት፤ ደስታው ደስ አሰኝቶኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

መዝለሉ ተጀመረ። ትሬቨር ከመሬት የተነሳ አይመስልም፤ ጓደኞቹ ሳይቀሩ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከዚያ ሩጫው መጣ፤ አርባ ያርድ፣ ሠላሳ ሰባት ሜትር ግድም፣ ቀጥ ያለ። በመኸር በአራት ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ ይጨርሰው የነበረውን አሁን እያቃሰተ ሄዶ መስመሩን ሲያልፍ ሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። አምስት ነጥብ ሦስት። መልማዮቹ እርስ በርስ ሰዓታቸውን ተያዩ። እንደገና አስሮጡት፤ ባሰበት። በመጨረሻ ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ የሚሮጡት አለ፤ እዚያ ላይ፣ በሁለተኛው መታጠፊያ፣ ተንበረከከና ያን ሁሉ ውሃ ከጨው ሥጋው ጋር ምንጣፉ ላይ መለሰው።

«እዩት፣ ሴንተሩ ወደ ፊት አቀበለ!» አለ አንዱ ወጣት መልማይ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ልመታው ተነስቼ ነበር፤ ግን ማርላ እጄን ይዛ ስታለቅስ ሳይ ተቀመጥኩ።

ከአዳራሹ ስንወጣ በረዶው ጀምሯል። ሚሎ ፕሩትን መኪናው ጋ ደረሰበት። ትሬቨር ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ ከኋላችን ቆሟል።

«ሚስተር ፕሩት! ሦስት መቶ አንድ! አዩ አይደል?»

«አየሁ።»

«እንግዲህ ትንሽ ነው አይሉትም።»

ሽማግሌው የመኪናውን በር ከፍቶ እንደያዘ ቀረ። «ሰውዬ» አለ በቀስታ፣ «ሦስት መቶ ፓውንድ ሆኖ የሚያዘግም ሰው በየኮሌጁ ሞልቶልኛል። ትንሽ መሆኑን መች አጣሁት! እኔ የመጣሁት ትንሹ ልጅ ሲሮጥ ሰዓቱን ይዤላቸው ልሄድ ነበር። ‹ትንሽ ነው፤ ግን ይቺን ሰዓት እዩና ተናገሩ› ልላቸው። ሌላ ምንም የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም።»

«ይሩጥልዎታ! አሁኑኑ ይሩጥልዎት! ወጥቶለታል እኮ፣ ቀሎታል! ትሬቨር፣ ጫማህን እሰር!»

ትሬቨር እውነትም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። አንጀቴን በላው።

«ተው ልጄ» አለው ፕሩት። «ሌሎቹ ሄደዋል። እኔ ብቻዬን የያዝኩትን ሰዓት ማን ያምነኛል? የሁሉም ወረቀት ላይ የሰፈረው አምስት ነጥብ ሦስት ነው፤ እሱ አይፋቅም።»

«አመሰግናለሁ ሚስተር ፕሩት» አለ ትሬቨር፣ ገና ቀና ሳይል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱ ያሳደገችው። ፕሩት እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ መኪናው ውስጥ ገባ።

በመኪና ስንመለስ፣ ከተማችን ልንገባ ስንል ሚሎ መስተዋቱን እያየ «ሦስት መቶ አንዱ ግን ተጽፏል» አለ። ያን ጊዜ እሱን ራሱን ብመታው ይሻለኝ ነበር።

በሚያዝያ የተጫዋቾቹ ምርጫ ሲካሄድ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ድስቱን ይዞ እህቴ ቤት ተሰበሰበ። በቴሌቪዥን ስም ይጠራል፣ የተጠራው ልጅ ከእናቱ ጋር ይተቃቀፋል፣ እኛ ቤት ጭጭ ይላል። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ፣ በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ስም ሲጠራ አክስቶቹ ድስታቸውን እየሸፈኑ አንድ በአንድ ተሰናበቱ። ትሬቨር በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ስለመጣችሁ እያለ አመሰገነ።

በሳምንቱ አንድ የደቡብ ቡድን ደወለ። ውል የለውም፤ መጥቶ ይሞከር ነው። ሚሎ ወዲያው ውሃ ሊቀዳ ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ግን ትሬቨር «አይሆንም አባዬ፣ እንደ ራሴ እሄዳለሁ» አለ። ሄደ። እንደ ራሱ ተመዘነ፣ ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ። ሮጠም፤ ከእሱ የፈጠነ ሴንተር እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም አሉ። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ጠርቶ አሰናበተው። ተመልሶ ሱቄ መጥቶ የነገረኝ እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር።

«ምን አለህ?»

«ጥሩ ነህ አለኝ። እግርህ ግሩም ነው አለኝ።»

«እና?»

«እናማ ትንሽ ነህ አለኝ፣ አጎቴ።»

እስቲ ምን ይባላል? ሲሞላ ቀርፋፋ፣ ሲጎድል ትንሽ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ያን በረዶ ቀን እንደ ሚዳቋ ቢሮጥም ላይወስዱት ይችሉ ነበር። ፕሩትም ቢሮው ገብቶ ይሸነፍ ይሆናል። ይህን ግን ለሚሎ ማን ይነግረዋል? ውሃው ነው ያበላሸብን ብሎ ማመን ሞት ሆነበት፤ ውሃው ባይኖርም አይሆንም ነበር ብሎ ማመን ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነበት።

ስለዚህ መጠበቅ ያዙ። በውድድሩ ወራት ተጫዋች ይሰበራል፤ ሲሰበር ቡድኖቹ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ይደውላሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ትሬቨር ጋራዡ ውስጥ ብረት እያነሳ፣ የእናቱን ሰሃን እየጨረሰ፣ ክብደቱ እንዳይወርድ እየተጠነቀቀ አንድ ዓመት ተቀመጠ። እሑድ እሑድ አብሬያቸው ጨዋታ አይ ነበር። የሆነ ቡድን ሴንተር ጉልበቱን ይዞ ሣሩ ላይ ሲንከባለል፣ ሚሎ ድምፅ ሳያሰማ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው መሃል ይስበዋል። ሚሎ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። በሰው እግር መሰበር ተስፋ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ዓይን ለዓይን አይተያይም። ስልኩም አልጮኸም።

በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ማርላ ሱቄ መጥታ «ቨርን፣ ይሄ ልጅ ቁርጡን ይወቅ። ሥራ ፈልግለት» አለችኝ። ከደንበኞቼ አንዱ በየኮረብታው የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማማዎች የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ሰው ይቀጥራል። ማማው ላይ በመሰላል መውጣት ነው፤ ጠንካራ እግር ይፈልጋል። ትሬቨር ለአባቱ ሳይነግር አብሮኝ መጣ። መኪና ውስጥ ስለ ሥራው እየደጋገመ ይጠይቀኝ ነበር፤ ከላይ ሆኖ እስከ የት እንደሚታይ ሁሉ ጠየቀኝ። ሲጠይቅ ድምፁ ውስጥ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጉጉት ቃና ሰማሁና እኔም ተታለልኩ።

ቀጣሪው ጥሩ ሰው ነው። እጁን ጨበጠው፣ ስለ ቀድሞ ጨዋታዎቹ አወራው፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ «ለደንቡ ያህል ነው» ብሎ ጥግ ወዳለው ሚዛን አሳየው። ትሬቨር ጫማውን አውልቆ ወጣ። ሰውየው ቁጥሩን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«አይ ወንድሜ» አለ። «አይሆንም። መሰላሉም መታጠቂያ ቀበቶውም የሚችሉት እስከ ሁለት መቶ ስድሳ ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ትሬቨር።

«ትልቅ ነህ ማለት ነዋ። በጣም ትልቅ ነህ።»

ትሬቨር ከሚዛኑ አልወረደም። ሰውየውን ትክ ብሎ አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። በሕይወቱ ይህን ቃል ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሊስቅ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት፤ ግን ያ ሁሉ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከእግሩ ሥር ያለው ቁጥርም አብሮት ይዋዥቅ ጀመር። ሰውየው ደንግጦ ወንበር ሳበለት፤ ምን እንዳጠፋ አላወቀም። «ኧረ ችግር የለም እኮ» ይለዋል፣ «በሁለት ሦስት ወር የሚወርድ ነገር ነው።»